ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት፦ ድብቅ ኤሲ ለአዲስ ቤት እንዴት ይመረጣል፣ ዋጋውስ እንዴት ይሰላል?

አጎቴ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ቤት ሠርተው የገቡት ሚያዝያ ላይ ነው። ሳሎኑም ሦስቱ መኝታ ቤቶችም ኮርኒስ ውስጥ የተደበቀ ኤሲ ተገጥሞላቸዋል። ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም፤ ከላይ ቀጭን ግሪል ብቻ ነው የሚታየው። እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ያደንቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋቸው በላይ ነጩ ጂፕሰም ላይ አክንባሎ የሚያህል ቢጫ ክብ ወጣ። ወንበር ላይ ቆሜ በጣቴ ነካሁት። እንደ ሊጥ ገባ።

ሠራተኛ ጠራን። መክፈቻ በር ስላልተተወለት ኮርኒሱን በመጋዝ ቆረጠው። ማሽኑ ደኅና ነው፣ ጋዙም ደኅና ነው። ጥፋቱ የውሃ መውረጃው ላይ ነበር፤ ሦስት ሜትር የማትሞላ የፒቪሲ ቱቦ መሀሏ ላይ ጎብጣ፣ ውሃው ወደ መታጠቢያ ቤት መውረዱን ትቶ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። አጎቴ የተቀደደውን ኮርኒስ ሽቅብ አይተው፣ “ልጄ፣ ያን ሁሉ ብር አፍስሼ በዚች ቱቦ ልቀጣ ነው?” አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ድብቅ ኤሲ እንደ ፍሪጅ ሱቅ ሄደው መርጠው፣ አስጭነው የሚያመጡት ዕቃ አይደለም። የግንባታው አካል ነው። ልክ እንደ ቧንቧውና እንደ ኤሌክትሪኩ መስመር ቤቱ ገና ብሎኬት ሳለ ይወሰናል። ዋጋውም ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ይልቅ በኮርኒሱና በሶሌታው (ከላይ ባለው የኮንክሪት ጠፍጣፋ) መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። ያስፈልጋችኋል ወይ? ጎጃም አንድ ዓይነት አየር የለውም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ለማቀዝቀዣ ብሎ ብዙ ብር ቢያወጣ አልመክረውም። እንጅባራም እንደዚያው፣ እዚያ ጋቢው ነው የሚፈለገው። ደጋ ላይ ሆናችሁ ኤሲ ካማራችሁ የሚሞቅም የሚቀዘቅዝም ዓይነት ጠይቁ። እሱ ሙቀቱን ከውጭው አየር እየሳበ ወደ ቤት ስለሚያስገባ፣ በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ወደ ሦስት ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከእሱ ጋር አይወዳደርም።

ባሕር ዳር ሌላ ነው። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ሌሊቱ ግን ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። በሌሊት መስኮት ከፍቶ ቤቱን ማቀዝቀዝ የሚቻልበት አገር ላይ ነን። ስለዚህ ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት ሙቀቱ ከየት እንደሚገባ እዩ። አብዛኛው ከላይ ከቆርቆሮው ነው። ቆርቆሮው ሥር ጥሩ ኢንሹሌሽን (ሙቀት የሚከላከል ሽፋን) ማንጠፍ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ትኩስ አየር መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ፣ የምዕራቡን መስኮት በበረንዳ ወይም በዛፍ ማጥላት፤ እነዚህ ሦስቱ የምትገዙትን ማሽን አንድ ደረጃ ሊያሳንሱት ይችላሉ። ሥራቸውም አንዴ ነው። የመብራት ሒሳብ አይመጣባቸውም። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሳሎኑ ካልቻለ፣ ወይም ቤት ውስጥ ሙቀት የሚከብዳቸው ሕፃንና አዛውንት ካሉ፣ ያኔ ኤሲ ቅንጦት አይደለም።

እሺ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው? ሻጮቹ ኮንሲልድ ወይም ደክት ኤሲ ይሉታል። ከውጭ ኮምፕሬሰሩ ያለበት ሣጥን አለ፣ እንደ ማንኛውም ኤሲ። ከውስጥ ያለው ሣጥን ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ከኮርኒሱ በላይ በብረት ዘንግ ከሶሌታው ላይ ይሰቀላል። ቀዝቃዛውን አየር ደክት በሚባል መተላለፊያ ይገፋና በግሪል ወደ ክፍሉ ያወጣል፤ የክፍሉን አየር ደግሞ በሌላ ግሪል መልሶ ይስባል። ሁለቱን ሣጥኖች የመዳብ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ጋዝ ያገናኛቸዋል። የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው መዳብ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የአጎቴን ኮርኒስ ያበላሸው ያ ውሃ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። ኤሲ የሚሸጠው በቢቲዩ ነው። 9,000፣ 12,000፣ 18,000፣ 24,000 ሲሏችሁ የማቀዝቀዝ ጉልበቱን ነው የሚነግሯችሁ፤ 12,000 ቢቲዩ ማለት 3.5 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ ኃይል ነው። በግምት ለመነሳት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ500 እስከ 600 ቢቲዩ ያዙ። አራት በአራት የሆነ መኝታ ቤት 16 ካሬ ነው፤ በ500 ብትመቱት 8,000፣ ስለዚህ የ9,000ው ይበቃዋል። አምስት በስድስት የሆነ ሳሎን 30 ካሬ ነው፤ 15,000 ይመጣል፣ 18,000 ትወስዳላችሁ። ሰፊ የምዕራብ መስታወት ካለው፣ ወይም ባዶ ቆርቆሮ ሥር ከሆነ፣ ወይም ኩሽናው ከሳሎኑ ጋር ክፍት ከሆነ ወደ ላይኛው ግምት ሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ የከፍታ ጉዳይ አለ። ባሕር ዳር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም ለዚሁ ነው። የኤሲው ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ስፋት ባይቀየርም፣ በውስጡ ያለው የአየር ክብደት ስለሚያንስ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ይህን ሰምቶ “ከፍታ ስላለ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ” የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። አትቸኩሉ። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው ከውጭ 35 ዲግሪ፣ ከውስጥ 27 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ነው። የእኛ ሙቀት ከዚያ ዝቅ ስለሚል ኮምፕሬሰሩ ይቀለዋል። አንዱ የወሰደውን ሌላው በከፊል ይመልሰዋል። አምራቾች የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ አላቸው፤ ሻጩ እሱን አውጥቶ ያሳያችሁ። ካለመጠን የተለቀ ማሽን ክፍሉን በአምስት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ግን የሚያጣብቅ ይሆናል። ክረምት ላይ ጣና ዳር ያለ ቤት ይህን ያውቀዋል።

ኢንቨርተር የሚባለውን ምረጡ። ኢንቨርተሩ ኮምፕሬሰሩን ከማጥፋትና ከማብራት ይልቅ ፍጥነቱን ዝቅና ከፍ ያደርጋል። ሲነሳ መብራት የሚያርገበግብ ጉተታ የለውም፣ ፍጆታውም ያንሳል። ጋዙ አር 32 ወይም አር 410 መሆኑን ጠይቁ። አር 22 የሚባለው የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ ዓለም እያስወጣው ያለ ጋዝ ነው፤ ርካሽ ነው ብለው ቢያቀርቡላችሁ ነገ ጋዝ መሙያ ታጣላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍታ ላይ ነው፤ የቤቱን የውስጥ ከፍታ ማለቴ ነው። ቀጭን የሚባለው የውስጥ ሣጥን ራሱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። መስቀያው፣ ደክቱና የውሃው ቁልቁለት ሲጨመሩ ኮርኒሱ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ሦስት ሜትር የነበረ ክፍል 2.65 ይሆናል። 2.80 ከነበረ ደግሞ ይጨንቃል። ስለዚህ መኝታ ቤቱን በሙሉ አታውርዱ። ሣጥኑን ከኮሪደሩ ወይም ከመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ በላይ አስቀምጡት፤ እዚያ ዝቅ ቢል ማንም አያየውም። ከዚያ አየሩን በግድግዳው በኩል ግሪል አውጥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ይንፋ። መኝታ ቤቱ ሙሉ ከፍታውን ይዞ ይቀራል፣ የማሽኑም ድምፅ ከአልጋው ይርቃል፣ የውሃው መውረጃም አጠገቡ ነው። በዚህ ዘዴ የጂፕሰም ወጪም ይቀንሳል።

ቢም የሚያልፍ ቱቦ ካለ ቢሙ ከመሞላቱ በፊት ፒቪሲ እጀታ አስቀምጡበት። የት ቦታና በምን ያህል ስፋት እንደሚሆን የስትራክቸር መሐንዲሱ ይወስን። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ቢም መብሳት ቤቱን መጉዳት ነው። ፎርማናችሁ “እንበሳዋለን፣ ችግር የለም” ካለ አስቁሙት። ይህ የእኔ አጥብቄ የምለው ነገር ነው።

ደክቱ ላይ ረጅም ጊዜ አልፈጅም። ቀጭኑ ማሽን ደካማ ግፊት ነው ያለው፤ ለአጭር ደክት የተሠራ ነው። ለአንድ ክፍል አጠገቡ ላለ ግሪል ይሆናል። ረጅም መስመር ስበው ለሁለትና ለሦስት ክፍል ላካፍል ካላችሁ ግን መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ግፊት ያለውን ጠይቁ። ደክቱ በኢንሹሌሽን ካልተሸፈነ ከውጭው ውሃ ያልበዋል። ግሪሉ ከጠበበ ያፏጫል። ተጣጣፊው ደክት ከታጠፈ ወይም ከተጨፈለቀ አየሩ ይታነቃል፤ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ መሄድ አለበት።

ውሃው። በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ይኑረው። ቱቦው እንዳይጎብጥ በአጭር በአጭር ርቀት ይታሰር። ከማሽኑ አጠገብ ያለው ክፍል እንዳያልበው ይሸፈን። ወደ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ የሚገባ ከሆነ ሽታ የሚከለክል የውሃ መቆለፊያ ይደረግበት፤ አለዚያ ኤሲው በተነሳ ቁጥር የፍሳሽ ሽታ መኝታ ቤት ይገባል። ቁልቁለት ማግኘት ካልተቻለ ውሃ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ግን ፓምፑ በተበላሸ ቁጥር የምታስቡበት ሌላ ነገር ይሆናል። ከተቻለ በቁልቁለት ይሁን። መክፈቻ በር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሣጥን የግድ ነው፤ ሰው ትከሻውንና እጁን የሚያስገባበት፣ 60 በ60 ቢሆን ጥሩ ነው። ለውበት ብሎ ይህን በር የሚያስቀረው የጂፕሰም ባለሙያ ነገ መጋዝ ይዞ አይመጣላችሁም።

ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ውስጥና ውጭ ሣጥን ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ቢበላሽ ሌሎቹ ይሠራሉ፣ ማንም ቴክኒሻን ያውቀዋል፣ ግን ውጭ አራት ሣጥን ይደረደራል። አንድ የውጭ ሣጥን ለሦስትና ለአራት ክፍል የሚያገለግልበትም አለ። ግድግዳው ያምራል፤ ያ አንዱ ከቆመ ግን ቤቱ በሙሉ ይቆማል። መለዋወጫ በቶሎ በማይገኝበት ከተማ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

መብራቱን ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እያንዳንዱ ኤሲ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለትንንሾቹ 2.5፣ ለ24,000ው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የተለመደ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የአምራቹ መመሪያ ነው። ምድጃና ምጣድ ካለበት ቤት ጋር ተደምሮ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ቆጣሪው ይችለው እንደሆነ ይሰላ። መብራቱ ከፍና ዝቅ የሚል ሰፈር ከሆናችሁ ስታብላይዘር ወይም ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል የሚቆርጥ መከላከያ አስገቡ። የኢንቨርተር ሰሌዳ ሲቃጠል ወጪው ከመከላከያው ዋጋ ጋር አይገናኝም።

አሁን ዋጋው፣ ዋናው ጉዳይ። ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ትጠይቃላችሁ፣ ሦስት የማይመሳሰል ቁጥር ይመጣል፣ ትንሹን ትመርጣላችሁ። ስሕተቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። ሦስቱ ስለ አንድ ነገር አልጻፉም። አንዱ የማሽኑን ብቻ ነው የጻፈው፤ አንዱ መግጠሚያውን ጨምሯል፤ አንዱ ደክቱንም አስገብቷል። በአጎቴ ቤት ከማሽኑ ውጭ የወጣው ብር ከማሽኑ ዋጋ ግማሽ በላይ ሆነ። አስቀድመው ቢያውቁት አይከፋቸውም ነበር፤ የከፋቸው በየሳምንቱ እየተጨመረ መምጣቱ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን እናንተ ጽፋችሁ ስጧቸው፣ እነሱ ዋጋ ይሙሉበት። ማሽኑ ከነሞዴል ቁጥሩ። የመዳብ ቱቦው በሜትር ስንት፣ ኢንሹሌሽኑን ጨምሮ ነው ወይ? ደክቱ ከምን የተሠራ ነው፣ በሜትር ወይስ በካሬ ነው የሚታሰበው? የግሪሎቹ ብዛትና ስፋት። የውሃው መውረጃ። ገመድ፣ ብሬከር፣ ስታብላይዘር። የውጭው ሣጥን መቀመጫ ብረት። የእጅ ዋጋ። የጂፕሰሙና የመክፈቻ በሩ ሥራ በማን ነው? 15 በመቶው ቫት ገብቷል ወይስ በኋላ ይጨመራል? መቶ ሺህ ብር የተባለ ነገር ቫት ሲገባበት 115,000 ነው፤ ደረሰኝ አይኖረውም በሚል ቅናሽ ከተስማማችሁ ደግሞ ዋስትና የምትጠይቁበት ወረቀት አይኖራችሁም።

መዳቡ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነው። አንዱ ፕሮፎርማ “እስከ አምስት ሜትር ነጻ” ይላል እንበል። ቤታችሁ ላይ በሜትር ለኩ። ለሳሎኑ 8፣ ለአንዱ መኝታ ቤት 6፣ ለሌላው 11፣ ለራቀው 14 ሜትር ቢሆን ድምሩ 39 ነው። ከዚህ ለአራቱ ማሽኖች አምስት አምስት ሲታሰብ ነጻው 20 ነው፤ 19 ሜትር በተናጠል ይከፈላል። ለረዘመው መስመር ተጨማሪ ጋዝም ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላለት ጋዝ ለተወሰነ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ የውጩን ሣጥን ቦታ በመቀየር ብቻ ብዙ ሜትር ማትረፍ ይቻላል። ፕላኑ ላይ በእርሳስ አንድ ምሽት ብታመሹበት ዋጋ አለው።

ቡድኑ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ትራንስፖርቱና አበሉ በማን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዋስትናው ውስጥ ሲበላሽ ማን ይመጣል፣ በስንት ቀን? ባሕር ዳር ውስጥ የሚያገለግል ሰው ያለው ሻጭ ትንሽ ቢወደድም ይሻላል ባይ ነኝ። የፕሮፎርማው የጸና ቀንም ይጻፍ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ነው የሚሄደው፤ ባለፈው ወር የተሰጠ ቁጥር ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ቀብድ ስትከፍሉ የማሽኑ ዋጋ በዚያ ቀን መቆሙን በጽሑፍ አስይዙ።

ወርኃዊውም ይሰላ። የ18,000ው ሙሉ ጉልበት ላይ 1.6 ኪሎዋት ገደማ፣ የ9,000ው 0.8 ገደማ ይስባል። ሳሎኑ በቀን አራት ሰዓት፣ ሦስቱ መኝታ ቤቶች ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሠሩ በቀን 13.6፣ በወር ወደ 408 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ጣሪያው ነው፤ ኢንቨርተር ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ከዚህ ያንሳል። ያለፈው የመብራት ሒሳባችሁ ላይ ደምሩት። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ የምትደርሱበትን እርከን ታሪፍ ተጠቅማችሁ አባዙት። ሪሞቱን 18 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ 25 ላይ ተዉት።

ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፤ ማሽኑ ሳይት ሲደርስ፣ የኮርኒሱ ውስጥ ሥራ አልቆ ሲፈተሽ፣ መጨረሻ ላይ ሲነሳ። መሀለኛው ፍተሻ ላይ አትቀሩ፤ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ነው። የመዳቡ መስመር ናይትሮጅን ተሞልቶ በጌጅ ቢያንስ ለአንድ ቀን ይደር፣ መርፌው ካልወረደ መፍሰሻ የለም ማለት ነው። ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት ይወጣል፤ በጋዙ ራሱ “እናስተነፍሰው” የሚል ባለሙያ ካለ እንቢ በሉት፣ የቀረው እርጥበት ኮምፕሬሰሩን ይበላዋል። ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቱቦው የት እንዳለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አጎቴ ቤት መስመሩን እንደገና ስንሠራ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ሊትር ውሃ በጆግ ይዘው መሰላሉ ሥር ቆሙ። ሠራተኛው ተቀብሎ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚጠራቀምበት የማሽኑ ትሪ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰው። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፍሳሹ ላይ አጎንብሼ ጠበቅሁ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ምንም የለም። ከዚያ ኩልኩል እያለ መጣ፣ ሁለቱም ሊትር። ኮርኒሱ የተዘጋው በማግስቱ ነው፤ አሁን 60 በ60 በር አለው፣ በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ሙቀቱ ከመጀመሩ በፊት በዚያ በር ማጣሪያው ወጥቶ ይታጠባል፣ ትሪው ይጠረጋል፣ ያው ሁለት ሊትር ውሃም ይፈስበታል።